የትራክተር ሎደር ሥራ፦ ነዳጁ ስንት ላይ ይሁን?

ከትራክተሩ ፊት ያለውን የሎደር ባኬት አፈሩ ውስጥ ከተታችሁ። ማንሻውን ሳባችሁ። ሞተሩ ያቃስታል፣ ባኬቱ ግን ንቅንቅ አይልም። እጃችሁ ሳታስቡት ወደ ነዳጁ ይሄዳል፤ እስከ ጥግ ትሰጡታላችሁ። ትራክተሩ ይጮኻል፣ ባኬቱ ድንገት ብድግ ይላል፣ አፈሩ ግራና ቀኝ ይፈሳል። የኋላ ጎማዎቹ ሲቀልሉ መቀመጫው ላይ ሆናችሁ ይሰማችኋል።

ሎደር መንዳት ስጀምር እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ወይ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ ትቼው እታገላለሁ፣ ወይ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼ እደነግጣለሁ። ለብዙ ጊዜ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ እሱ ሲገባኝ ሌላው ሁሉ ቀለለኝ። ስለዚህ ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት እሱን እንጨርስ።

የሞተሩ ዙር ለባኬቱ የሚሰጠው ፍጥነት ነው

ሎደሩን የሚያነሳው ዘይት ነው። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ይዞራል። በአብዛኞቹ አነስተኛና መካከለኛ ትራክተሮች ላይ ያለው ፓምፕ የጥርስ ፓምፕ ነው። በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው የዘይት መጠን አይለወጥም። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ብዙ ዘይት ይመጣል፣ ሲዘገይ ጥቂት ይመጣል።

በቁጥር እንየው። ፓምፑ በአንድ ዙር 20 ሲሲ ዘይት የሚገፋና ልክ እንደ ሞተሩ የሚዞር ነው እንበል። በ1000 ዙር በደቂቃ 20 ሊትር ይሰጣል፤ በ2000 ዙር 40 ሊትር። የውስጥ ስፋታቸው 6 ሴንቲ ሜትር፣ የሚዘረጉትም 50 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የማንሻ ሲሊንደሮች ለመሙላት 2.8 ሊትር ያህል ዘይት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ባኬቱ ከመሬት እስከ ላይ ለመድረስ በ1000 ዙር ስምንት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይወስድበታል፤ በ2000 ዙር ግን አራት ሰከንድ ትንሽ አለፍ ቢል ነው።

ጉልበቱስ? ጉልበቱ የሚመጣው ከዘይቱ ግፊት ነው። የግፊቱን ጣሪያ የሚወስነው ደግሞ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩ ነው። ቫልቩ በ180 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) እንዲከፈት ተደርጎ ከሆነ በ1200 ዙርም በ2400 ዙርም በ180 ባር ይከፈታል። በ1500 ዙር ቫልቩን አስጩሆ አልነሳም ያለ ጭነት በ2500 ዙርም አይነሳም። እዚያ ላይ ነዳጅ መጨመር ዘይቱን ማፍላት ብቻ ነው። መፍትሔው ጭነቱን መቀነስ ነው።

«ታዲያ ሚኒሞ ላይ ለምን አንሠራም?» የሚል ይኖራል። ፓምፑን ለማዞር የሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ኃይል በየትኛውም ዙር ያው ነው። ከላይ ያለው ፓምፕ በ180 ባር 57 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠይቃል። ሞተሩ ደግሞ ሚኒሞ ላይ ደካማ ነው። ትንሽ ትራክተር ከሆነ ይንቀጠቀጣል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ አንዳንዴም ቀጥ ብሎ ይጠፋል። ሚኒሞ ባዶ ባኬት ለማስተካከል ይበቃል። ለሥራ አይበቃም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፓምፕ ሲያረጅ ውስጥ ለውስጥ ዘይት ያሾልካል። በዝቅተኛ ዙር የሚሾልከው ከሚገፋው ጋር ሊቀራረብ ስለሚችል ግፊቱ አይደርስም። ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ደግሞ ይብሳል። ጠዋት በ1200 ዙር ደህና ያነሳ የነበረው ሎደር ከሰዓት በኋላ 2000 ካልሰጡት አልነሳም ካለ፣ ነዳጅ እየጨመሩ ከመቀጠል ፓምፑንና ሲሊንደሮቹን ማስመርመር ይሻላል።

1. ትራክተራችሁን እወቁት

የዙር መለኪያውን ተመልከቱ። ሚኒሞው በአብዛኛው ከ750 እስከ 1000 መካከል ነው። የብዙዎቹ የዲዝል ትራክተሮች ሙሉ ጉልበት የሚገኝበት ዙር ደግሞ ከ2200 እስከ 2600 አካባቢ ነው። መለኪያው ላይ 540 የሚል ምልክት ካያችሁ እሱ የፒቲኦ፣ ማለትም ከሞተሩ ጉልበት ወስዶ ሌላ መሣሪያ የሚያዞረው ዘንግ ነው። ፒቲኦው በደቂቃ 540 ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ የት መድረስ እንዳለበት ያሳያል። ለሎደር አይመለከታችሁም፤ እንዲያውም በሎደር ስትሠሩ ፒቲኦው መጥፋት አለበት።

ከዚያ ይህን ሙከራ አድርጉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩና ዘይቱ ከሞቁ በኋላ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። ባዶውን ባኬት ከመሬት እስከ ላይ አንሱና ሰዓት ያዙ። በ1000፣ በ1500 እና በ2000 ዙር ደጋግሙት። ቁጥሮቹን ጻፉና መቀመጫው አጠገብ ለጥፉት። ከ1500 ወደ 2000 ስትወጡ ሰዓቱ ብዙም ካልቀነሰ ዘይቱ በቫልቩ ወይም በቱቦዎቹ ላይ ታንቋል ማለት ነው። ከዚያ በላይ የምትሰጡት ነዳጅ ለጩኸት ብቻ ነው የሚሆነው። በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው የማንሻ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ዙር የተለካ ስለሆነ የእናንተ ልኬት ዘገየ ብላችሁ አትደንግጡ።

ትልልቅ ትራክተሮች ላይ እንደ ጭነቱ ዘይቱን የሚያበዛና የሚያሳንስ ፓምፕ አለ። እነሱ በዝቅተኛ ዙርም በቂ ዘይት ሊሰጡ ይችላሉ። ሙከራው ይህንንም ያሳያችኋል።

2. ዘይቱ ይሙቅ

ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ነው። ሞተሩን እንዳስነሳችሁ ሙሉ ነዳጅ ከሰጣችሁት ፓምፑ ዘይቱን በሚፈልገው ልክ መሳብ ያቅተዋል። ያኔ የሚያፏጭ ወይም የሚያላዝን ድምፅ ትሰማላችሁ። ያ ድምፅ ፓምፑ ሲጎዳ ነው።

ከ1000 እስከ 1200 ዙር ላይ አድርጉትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ባዶውን ባኬት ቀስ ብላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አንሱ፣ አውርዱ፣ አጥፉ፣ ዘርጉ። ብርዱ በጠና ቁጥር ጊዜውን አስረዝሙት።

3. እንደ ሥራው ዙሩን ምረጡ

እዚህ የምሰጣችሁ ቁጥሮች ሙሉ ዙራቸው ከ2200 እስከ 2600 ለሆነ ትራክተሮች መነሻ የሚሆኑ ናቸው። ግራ ከገባችሁ 1500 ላይ ጀምሩ። ከዚያ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሄድ ቀላል ነው።

ለጀማሪ፣ ጠባብ ቦታ ለሚሠራ፣ በሹካ ፓሌት ለሚያነሳ ከ1200 እስከ 1400 ይበቃል። እዚህ የሚፈለገው እርጋታ ነው። በ2000 ዙር ማንሻውን በአንድ ጣት ስትነኩት ሹካው ይዘላል። በ1200 ግን ሴንቲ ሜትር በሴንቲ ሜትር ታስጠጉታላችሁ። ሹካ ከፓሌት ሥር የማስገባት ሥራ ላይ የሚቸኩል ሰው መጨረሻው እንጨት መስበር ነው።

የላላ ነገር ማንሳት፣ ማለትም አሸዋ፣ ጠጠር፣ ፍግ፣ የተቆፈረ አፈር፣ ከ1500 እስከ 1800 ይስማማዋል። ብዙው የሎደር ሥራ እዚህ ውስጥ ነው የሚወድቀው። ባኬቱ አይጎተትም፣ እናንተም አትጣደፉም።

መኪና ላይ መጫን፣ አንዱን ክምር ወደ ሌላ ቦታ ማመላለስ ሲሆን ከ1800 እስከ 2000፣ እጃችሁ ከለመደ ትንሽም አለፍ ማድረግ ይቻላል። ባኬቱ ቶሎ ቶሎ መነሳትና መውረድ ስላለበት የምታተርፉት ሰከንድ ቀኑን ሙሉ ይደመራል። ግን ይህ እጁ ለተፍታታ ሰው ነው። ማንሻውን ገና እያየ ለሚሠራ ሰው አልመክርም።

የደደረ ክምር ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይለያል። ብዙ ሰው ፍጥነት ይዞ ሄዶ መግጨትን እንደ ጉልበት ያየዋል። አይደለም። ባኬቱ ይጣመማል፣ ፒኖቹ ይላላሉ፣ የትራክተሩ የፊት አክስልም ዋጋ ይከፍላል። ባኬቱን ከመሬት ትይዩ አድርጉት፣ በዝቅተኛ ማርሽ በቀስታ ተጠጉ፣ ዙሩን 1800 አካባቢ ያዙ። አፈሩ ውስጥ ሲገባና ትራክተሩ መያዝ ሲጀምር ባኬቱን ትንሽ ወደ ኋላ አጥፉት፣ ትንሽ አንሱት፣ እንደገና አጥፉት። አፈሩን የሚነቅለው ብዙውን ጊዜ ማጠፉ ነው። ከማንሳቱ ይልቅ ማጠፉ ላይ የሎደሩ ኃይል ይበልጣል። ይህን ከለመዳችሁ ከነዳጁ ጋር ትግል አያስፈልጋችሁም።

መሬት ማስተካከል ደግሞ ከ1200 እስከ 1500። ባኬቱን በነፃ ተንሳፋፊ ቦታ ላይ (የመሬቱን ቅርጽ ተከትሎ ራሱ ከፍ ዝቅ እንዲል) አድርጋችሁ ወደ ኋላ ስትጎትቱ ፓምፑ ብዙ ሥራ የለውም። እዚያ ላይ ሞተሩን ማስጮህ ለምንም አይጠቅምም።

4. ማርሹ ከዙሩ ጋር ይስማማ

ፍሪሲዮንና ማርሽ ባለው ትራክተር ላይ አንድ ችግር አለ። ለባኬቱ ብላችሁ ነዳጅ ስትጨምሩ ጎማውም ይፈጥናል። ስለዚህ መጀመሪያ ዙሩን ምረጡ፣ ከዚያ በዚያ ዙር ትራክተሩ ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት እንዲሄድ የሚያደርገውን ማርሽ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከዝቅተኛው የማርሽ ክልል አንደኛ ወይም ሁለተኛ ነው።

ዙሩን በእጅ ነዳጅ መስጫው አስቀምጡት። የእግር ፔዳሉ ከዚያ በላይ ለአፍታ ሲያስፈልግ ለመጨመር ነው፤ ስትለቁት ወደ እጁ ልክ ይመለሳል። ለምሳሌ እጁ 1500 ላይ ሆኖ ባኬቱ ሞልቶ ከክምሩ ሲወጣ በእግር ወደ 1900 ከፍ ታደርጉታላችሁ፣ ከዚያ ትለቁታላችሁ። በጎርባጣ መሬት ላይ በእግር ብቻ መሥራት ግን ያስቸግራል። ትራክተሩ ሲዘል እግር አብሮ ይዘላል፣ ዙሩም ከፍ ዝቅ ይላል።

ባኬቱ እየተነሳ ትራክተሩ እንዲቆም ከፈለጋችሁ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጡ ወይም ኒውትራል አድርጉ። ሞተሩ ዙሩን እንደያዘ ባኬቱ ይነሳል። ግማሽ ረግጦ ማሸት ግን ዲስኩን ይበላል፤ በሎደር ሥራ ፍሪሲዮን ቶሎ የሚያልቀው ከዚህ የተነሳ ነው።

5. ሃይድሮስታቲክ ከሆነ ፔዳሉን ለቀቅ አድርጉ

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። ሃይድሮስታቲክ ትራክተር ማርሽ በመቀያየር ፋንታ በዘይት ነው ጎማውን የሚያዞረው። ፔዳሉን ብዙ ስትረግጡ ጎማው ይፈጥናል፣ የመግፋት ኃይሉ ግን ይቀንሳል። ጥቂት ስትረግጡ ይዘገያል፣ ኃይሉም ይጨምራል።

ክምሩ ውስጥ ገብታችሁ ሞተሩ ሲያቃስት እግራችሁ «ጨምር፣ ጨምር» ይላችኋል። አትስሙት። ፔዳሉን ወደ ግማሽ መልሱት፤ ሞተሩ ትንፋሽ ያገኛል፣ ትራክተሩም ወደ ፊት መግፋቱን ይቀጥላል። የማርሽ ክልሉ ዝቅተኛው ይሁን። በከፍተኛው ክልል ክምር የሚገፋ ሃይድሮስታቲክ ሞተሩን ያጠፋል፣ ዘይቱንም ያግላል።

የሃይድሮስታቲኩና የሎደሩ ፓምፖች ሁለቱም ከአንድ ሞተር ስለሚጠጡ ዙሩን ከማርሽ ትራክተር ትንሽ ከፍ አድርጎ መያዝ ጥሩ ነው። መግፋትና ማንሳት አንድ ላይ ከሆነ ከ1800 እስከ 2200 እመርጣለሁ። ፍጥነቱን የሚወስነው ፔዳሉ ስለሆነ በከፍተኛ ዙርም ቀስ ብሎ መሄድ ይቻላል። ከማርሹ ትራክተር የሚበልጥበትም እዚህ ላይ ነው።

6. በጆሮ መሥራት

ከመለኪያው በላይ የሚነግራችሁ ድምፅ ነው። ዲዝል ሞተር ገቨርነር አለው። ጭነት ሲመጣ ነዳጁን ራሱ እየጨመረ ዙሩን ለመያዝ ይሞክራል። ጭነት ሲይዝ ድምፁ ትንሽ ወረድ ብሎ እዚያው ከጸና ሞተሩ ደህና ነው። ዙሩ 200 ወይም 300 ወርዶ ካልተመለሰ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ከወጣ ግን ዙሩ አንሷል ወይም ማርሹ ከብዷል። መጀመሪያ ማርሹን ቀንሱ። ካልበቃ ነዳጅ ጨምሩ።

ቀጭን የሚያፏጭ ጩኸት ማንሻው መጨረሻ ላይ ተይዞ ሲሰማ ቫልቩ እያስተነፈሰ ነው። ማንሻውን ወዲያው ልቀቁ። ለአንድ ሁለት ሰከንድ ቢሆን አይጎዳም፤ እየያዙ መቆየት ነው ዘይቱን የሚያቃጥለው። በከፍተኛ ዙር ደግሞ በዚያ ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ዘይት ስለሚበዛ ቶሎ ይግላል።

መሪው ሲከብድባችሁም ልብ በሉ። የመሪው እርዳታ ከሃይድሮሊክ ስለሆነ ሚኒሞ ላይ ባኬት ሞልቶ መዞር ክንድ ያደክማል። ወደ 1200 ወይም 1300 ከፍ ስታደርጉት ይቀላል።

7. ባኬቱ ሲደፋ የሚመጣው ክፍተት

ባኬቱን ደፍታችሁ ወዲያው መሬት መጫን ስትፈልጉ ለአፍታ ምንም እንደማይሆን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሎደሩ የተበላሸ የሚመስለው ብዙ ነው። ባኬቱ በራሱ ክብደት በፍጥነት ሲወርድ ፓምፑ በዚያ ፍጥነት ሲሊንደሩን መሙላት አይችልም። ውስጡ ባዶ ክፍተት ይቀራል። ዘይቱ ያንን እስኪሞላ ባኬቱ አይታዘዝም። ዙሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ክፍተቱ ይረዝማል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ማንሻውን በቀስታ መግፋት፣ ወይም ሲደፉ ዙሩን ከ1500 በላይ ማድረግ።

ማውረድ ግን ሌላ ነገር ነው። የተጫነ ባኬት የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ ሚኒሞ ላይም በፍጥነት ይወድቃል። «ዙሩ ዝቅ ስላለ ቀስ ብሎ ይወርዳል» ብላችሁ አትዘናጉ። እየወረደ ያለውን ከባድ ባኬት መሃል ላይ ድንገት ቀጥ ማድረግ ደግሞ የኋላ ጎማውን ከመሬት ያነሳል። የማውረዱን ፍጥነት የሚይዘው እጃችሁ ነው።

8. ጭነት ይዞ መሄድ

እዚህ ላይ ዙሩ ሁለተኛ ነገር ነው፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ስለሆነ ግን አልዘለውም። ባኬቱን ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ አንሱ። ከኋላ የክብደት ማመጣጠኛ ወይም ከባድ መሣሪያ ይኑር። የመገልበጫ መከላከያው ቆሞ የደህንነት ቀበቶው ይታሰር። ዳገት ላይ ጭነቱ ምንጊዜም ወደ ላይኛው በኩል ይሁን፦ ስትወጡ ወደ ፊት፣ ስትወርዱ በኋላ ማርሽ። ቁልቁለት ላይ ዝቅተኛ ማርሽ ይዛችሁ ሞተሩ ይያዛችሁ፤ ፍሪሲዮን ረግጦ መንሸራተት የለም። ከተነሳ ባኬት ሥር ማንም እንዳይቆም። ባኬት ውስጥ ሰው ማንሳት ፈጽሞ አይታሰብም።

ዙሩ ከ1200 እስከ 1500 ቢሆን በቂ ነው። ባኬቱን ወደ ላይ የምታነሱት የምትደፉበት ቦታ ስትደርሱ ነው፤ ያኔ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ከዚያ ነዳጁን ጨምሩ።

9. ስትጨርሱ

ቱርቦ ያለው ሞተር ከከባድ ሥራ በኋላ ወዲያው አይጠፋም። ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ይቆይ፤ ቱርቦው ቀዝቀዝ እስኪል ዘይት ሊደርሰው ይገባል። በሌላ በኩል ሥራ ሳይኖር ለግማሽ ሰዓት ሚኒሞ ላይ መተው ልማድ አይሁን። ሞተሩ በደንብ አይሞቅም፣ ነዳጁ በደንብ አይነድም፣ ጥቀርሻ ይከማቻል። የጭስ ማጣሪያ ባላቸው አዳዲስ ሞተሮች ላይ ይህ ይብሳል፤ ማጣሪያው ይደፈንና ራሱን እንዲያጸዳ ከፍ ያለ ዙር ይጠይቃል። ዳሽቦርዱ ላይ የማጽጃ ምልክቱ ከበራ ሥራውን ሳታቋርጡ ዙሩን ከፍ አድርጋችሁ ጨርሱለት።

ከዚያ ባኬቱን መሬት ላይ አሳርፉ። ኒውትራል አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ። ማንሻውን ወደ አራቱም አቅጣጫ ገፋ ሳብ አድርጋችሁ በቱቦዎቹ ውስጥ የቀረውን ግፊት አስተንፍሱ። ቁልፉን ይዛችሁ ውረዱ።